ክረምቱ የማይዘንብባት ከተማ፤ ጆሐንስበርግን መቼ እንጎብኝ?

ኑሮዬን ጆሐንስበርግ ካደረግሁ ወዲህ ከአሜሪካና ከአውሮፓ የሚደወልልኝ ስልክ አንድ ጥያቄ ያዘወትራል። "ደቡብ አፍሪካን ለማየት አስበናል፤ መቼ ብንመጣ ይሻላል?" ከዓመታት በፊት አንድ ወዳጄ በጁላይ እንደሚመጣ ሲነግረኝ "ታዲያ ለክረምት ተዘጋጅተህ ና" አልኩት። ሰውየው ቃሌን አክብሮ ዣንጥላና የዝናብ ካፖርት ተሸክሞ ከች አለ። ሦስት ሳምንት ሲቆይ ከሰማይ አንዲት ጠብታ አልወረደችም፤ ሌሊት ሌሊት ግን ጥርሱ እስኪንቀጫቀጭ በረደው። ጥፋቱ የእኔ ነበር። አንዱን የአማርኛ ቃል ወደማይስማማው አገር ይዤው ሄጄ ነው።

እንደሚታወቀው እኛ "ክረምት" ስንል ዝናቡንም፣ ብርዱንም፣ ጭጋጉንም አንድ ላይ ማለታችን ነው። በጆሐንስበርግ ግን ዝናብና ብርድ ተፋተዋል። ዝናቡ ከሙቀቱ ጋር ከኦክቶበር እስከ ማርች ይመጣል። ብርዱ ደግሞ ከጁን እስከ ኦገስት ብቻውን ይቆማል፤ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ሣሩ ደርቆ ቡና የመሰለ፣ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,750 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለተቀመጠች የአዲስ አበባ ሰው ቀኑን ይወደዋል፤ ማታውን ግን ጋቢ ሳይደርብ አይችለውም።

ይህ ጽሑፍ እንግዲህ ለዚያ ወዳጄና እንደ እርሱ ለጠየቁኝ ሁሉ የዘገየ መልስ ነው። በየወቅቱ ምን እንደሚታይ እናገራለሁ፤ ወራቱንና ዓመታቱን የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልበል። ጆሐንስበርግ በ1886 ወርቅ ስለተገኘ ብቻ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ወደብ የላትም፣ ትልቅ ወንዝ የላትም፣ ጥንታዊ ቤተ መንግሥትም የላትም። ታሪኳ ሰው ለሥራ የሚጠራበት፣ ሲመጣ ደግሞ "ወረቀትህን አሳይ" የሚባልበት ታሪክ ነው። የበዓል ቀኖቿን ተከትሎ የሚጎበኛት ሰው ይህን "ወረቀት" የሚባል ነገር በየወቅቱ ያገኘዋል። በስደት ዓለም "ወረቀት አገኘ? ወረቀት አለው?" እየተባባልን ለምንኖር ለእኛ ደግሞ ይህ እንግዳ ቋንቋ አይደለም።

ጸደይ፦ ከሴፕቴምበር እስከ ኖቬምበር

እንቁጣጣሽ በዋሽንግተንም ሆነ በስቶክሆልም የሚውለው ቅጠል ሊረግፍ ሲል ነው። በጆሐንስበርግ ግን መስከረም አንድ የጸደይ መግቢያ ነው። ኮክ ያብባል፣ ብርዱ ይሰበራል። ልዩነቱ አገር ቤት ዝናቡ ሲያበቃ እዚህ ገና ሊጀምር መሆኑ ነው። ሜዳው ቢጫ የሚለብሰው በአደይ ሳይሆን በደረቀ ሣር ነው።

ሴፕቴምበር 24 የቅርስ ቀን ይባላል። ቀድሞ በዙሉዎች ዘንድ የንጉሥ ሻካ መታሰቢያ ነበር። የ1994ቱ አዲስ መንግሥት የበዓላቱን ዝርዝር ሲያወጣ ይህ ቀን ቀርቶ ስለነበር ቅሬታ ተነሣ፤ በስምምነትም የሁሉም ሕዝብ ባህል የሚከበርበት ቀን ሆነ። በዚያ ቀን ሰው ሁሉ የአገሩን ልብስ ለብሶ ይወጣል፤ በየግቢው ሥጋ ይጠበሳል። ሦስት ቀን ቆይቶ የእኛ መስቀል ይውላል። ነጭ ለብሶ ደመራ ለማየት የሚወጣ ኢትዮጵያዊ እንግዳ የማይመስልበት ሳምንት ቢኖር ይህ ነው።

ኦክቶበር ሲጋመስ ጃካራንዳ ያብባል። እስከ ኖቬምበር መግቢያ ድረስ የፓርክታውን፣ የሜልቪልና የሆተን መንገዶች ከላይም ከታችም ሐምራዊ ናቸው። ከሆተን ኮረብታ፣ ከሙንሮ ድራይቭ መታጠፊያ ቁልቁል ማየት ነው። ጎረቤቲቱ ፕሪቶሪያም በዚህ ዛፍ ስም ትጠራለች። ዛፉ ታዲያ የደቡብ አሜሪካ ተወላጅ ነው፤ በሕግም ከመጤ ወራሪ ዕፅዋት ተርታ ተመዝግቧል። ቀድመው የቆሙትን ግን የሚነካቸው የለም፤ ከተማው ሁሉ ይኮራባቸዋል። ወረቀት ሳይኖረው የከተማዋ ጌጥ የሆነ መጤ መሆኑ ነው። የጄፒ ልጆች ይህን ስነግራቸው ይስቃሉ፤ ሳቃቸው ግን ብዙ አይቆይም።

በጋ፦ ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ

አንባቢ ጄፒን ሳያውቅ አይቀርም። በመሀል ከተማ ጄፒ ጎዳና ዙሪያ ያሉት ፎቆች ቀድሞ የሐኪሞች ቢሮዎች ነበሩ። ከዘረኛው ሥርዓት መውደቅ በኋላ ሐኪሞቹ ወደ ሰሜን ሰፈሮች ሲሄዱ ወገኖቻችን ገቡባቸው። ሜዲካል አርትስ በሚባለው ሕንፃ ዛሬ በሽተኛ ሳይሆን ሱቅ ነው በየክፍሉ ያለው። ጫማ፣ ጂንስ፣ መጋረጃ፣ ብርድ ልብስ በጅምላ ይሸጣል፤ ቡና ይቆላል፣ ሽሮውና ክትፎው ይቀርባል። ገዢዎቹ ከከተማው ብቻ አይደሉም፤ ከዚምባብዌ፣ ከማላዊ፣ ከዛምቢያና ከሞዛምቢክ ይመጣሉ።

ጄፒም የራሱ ወቅቶች አሉት። ብርድ ልብስ በሜይና በጁን፣ የተማሪ ጫማ በጃንዋሪ፣ የበዓል ልብስ በኖቬምበርና በዲሴምበር። ገበያውን በሙሉ ኃይሉ ማየት የሚፈልግ በዲሴምበር የመጀመሪያ ሁለት ሳምንታት ይምጣ፤ ነገር ግን ዘመዱ ቆሞ እንዲያጫውተው አይጠብቅ። ከወሩ አጋማሽ በኋላ ሠራተኛው ሁሉ ወደ ትውልድ መንደሩ ስለሚሄድ ከተማዋ ባዶ ትሆናለች። ገናችንና ጥምቀታችን የሚውሉት በዚህ ጭር ባለ ጊዜ ነው። ከሰዓት በኋላ ድንገት ደመና ይሰበሰባል፣ መብረቅ ይጮኻል፣ አንዳንዴም በረዶ ይወርዳል። ካህኑ ጸበል ሳይረጩ ሰማይ የቀደማቸውን ጥምቀት በዓይኔ አይቻለሁ።

በዚህ ወቅት አንድ ቀን ወደ ፕሪቶሪያ መውጣት ያስፈልጋል፤ እርሱም ዲሴምበር 16 ነው። በ1838 በዚህ ቀን ቦሮች በንኮሜ ወንዝ ዳር የዙሉን ጦር አሸንፈዋል፤ ለዘመናትም እንደ ቃል ኪዳን ቀን አክብረውታል። በ1949 በዚሁ ቀን የተመረቀው የፎርትሬከር ሐውልት ሲሠራ ጣሪያው ላይ ቀዳዳ ተተወለት፤ በየዓመቱ ዲሴምበር 16 በቀትር የፀሐይ ጨረር በዚያ ገብቶ ከታች ባለው መታሰቢያ ድንጋይ ላይ ያርፋል። በ1961 ደግሞ እነ ማንዴላ የትጥቅ ትግላቸውን ያወጁት ይህንኑ ቀን መርጠው ነው። ከ1995 ጀምሮ ቀኑ የዕርቅ ቀን ተብሏል። ቀኑ አልተሰረዘም፣ ሐውልቱም አልፈረሰም፤ ፊት ለፊቱ ባለው ኮረብታ ላይ በነጻነት ትግል የወደቁት ስም የተጻፈበት ፍሪደም ፓርክ ተሠራ፤ ሁለቱን የሚያገናኝ መንገድም ተቀደደ። ዕርቁ ሞልቷል የሚል ደቡብ አፍሪካዊ ብዙ አላጋጠመኝም። ሆኖም በሐውልትና በበዓል ቀን ለምንወዛገብ ለእኛ ግማሽ ቀን እዚያ ቆሞ ማሰብ አይከፋም።

የመከር ወራት፦ ከማርች እስከ ሜይ

ዝናቡ ቀንሶ ብርዱ ሳይገባ ያለው ይህ ጊዜ ለአየር ጠባይ ከሁሉ የተመቸ ነው። በበኩሌ ለሽማግሌና ለሕፃን ይህንን እመክራለሁ።

ማርች 21 የሰብአዊ መብት ቀን ነው። በ1960 ከጆሐንስበርግ በስተደቡብ በሻርፕቪል የማለፊያ ወረቀትን በመቃወም የወጡ ሰዎች በፖሊስ ጥይት ተመቱ፤ 69 ሰዎች ሞቱ። ጥቁር ሰው በገዛ አገሩ ከተማ ለመገኘት ፈቃድ የያዘ ደብተር በኪሱ መያዝ ነበረበት። ሲጠየቅ ካላሳየ ይታሰራል። የሚታሰርበትን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ከጄፒ በስተሰሜን ጥቂት እንደተጓዙ ኮንስቲቲውሽን ሂል ይገኛል። ጋንዲም፣ ማንዴላም፣ ሶቡክዌም፣ እነ ዊኒ ማንዴላም የታሰሩበት ወህኒ ቤት ነው። ከእነርሱ ጋር ወንጀላቸው ወረቀት አለመያዝ ብቻ የነበረ ስማቸው የማይታወቅ እልፍ ሰዎች በ"ቁጥር አራት" ተጨናንቀው ተኝተዋል። በ2004 ማርች 21 በዚያው ግቢ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ሕንፃ ተመረቀ፤ ከፈረሰው እስር ቤት የተነሡት ጡቦች በግድግዳው ውስጥ ገብተዋል።

እዚህ ላይ ለኢትዮጵያዊ የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። ማንዴላ በ1962 ከአገሩ በስውር ወጥቶ አዲስ አበባ ገባ፤ ወደዚያ ሲበር አብራሪው ጥቁር ሰው መሆኑን አይቶ መደንገጡን ራሱ በሕይወት ታሪኩ ተርኮታል። ኮልፌ ላይ ወታደራዊ ሥልጠና ወሰደ፤ ሲመለስ ኮሎኔል ታደሰ ብሩ ሽጉጥ ከነጥይቱ ሰጡት። በዚያው ዓመት ኦገስት 5 ተይዞ ወደ ጆሐንስበርግ መጣ። አምስት ዓመት የተፈረደበት በሁለት ክስ ነበር፤ አንዱ ሠራተኛን ለአድማ ማነሳሳት፣ ሌላው ፓስፖርት ሳይይዝ ከአገር መውጣት። ልብ በሉ፤ ወደ እኛ አገር የመጣው ያለ ወረቀት ነው፤ የተቀበልነውም ያለ ወረቀት ነው። ሽጉጡ በሪቮኒያ ሊሊስሊፍ በሚባለው የእርሻ ቤት አካባቢ ተቀብሯል ተብሎ ብዙ ተፈልጓል፤ አልተገኘም። ሊሊስሊፍ ለጎብኚ የሚዘጋበት ጊዜ ስላለ ከመሄድ በፊት ስልክ መደወል ይበጃል። ሊሊስሊፍና ኮንስቲቲውሽን ሂል ከሌሎች የትግል ቦታዎች ጋር በ2024 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብተዋል።

ፋሲካ የሚውለው በዚሁ ወቅት ነው። በእነርሱ ፋሲካ ሰሞን ወደ ሰሜን የሚወስደው አውራ ጎዳና በአውቶቡስ ይሞላል፤ የጽዮን ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ኮከብ ያለበት ምልክታቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ሊምፖፖ ወዳለው ሞሪያ ይጎርፋሉ። ከነጭ ሚሲዮናውያን ተለይተው የቆሙ አብያተ ክርስቲያናት ታሪክ እኛንም ይነካል። በ1892 በፕሪቶሪያ ማንጌና ሞኮኔ ከሜቶዲስቶች ተለይተው ያቋቋሙትን ቤተ ክርስቲያን "የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን" ብለውታል፤ "ኢትዮጵያ እጆቿን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች" ከሚለው መዝሙር ነው ስሙ። ከዓድዋ አራት ዓመት በፊት መሆኑ ነው። ስማችን ከእኛ አንድ መቶ ዓመት ቀድሞ እዚህ ደርሶ ነበር።

ከአፕሪል ጀምሮ ልጆች ያሉት ሰው ወደ ዋልተር ሲሱሉ የዕፅዋት አትክልት ቦታ ቢሄድ አይቆጭም። ከፏፏቴው አጠገብ ባለው ገደል ላይ ጥቁር ንስሮች ጎጆ ይሠራሉ፤ በብርዱ ወራት ጫጩታቸውን ሲመግቡ ከታች ሆኖ ማየት ይቻላል። ንስሩ በእኛም ደጋ ገደሎች የሚኖር ዓይነት ነው።

ብርዱ፦ ከጁን እስከ ኦገስት

አብዛኛው የዲያስፖራ ሰው ፈቃዱን የሚያገኘው በዚህ ጊዜ ነው። ይበርዳል፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ ብቻ የመምጣት ዕድል ያለው ሰው በጁን ይምጣ እላለሁ። ምክንያቱም ጁን 16 ነው።

በአንድ ጁን 16 ማለዳ ጄፒ የሚነግደውን የወዳጄን ልጅ ሱቁን ዘግቶ አገኘሁት። ምነው ብለው "የነሱ በዓል ነው ጋሼ" አለኝ።

"ስንት ዓመት ሆነህ እዚህ?"

"ዘጠኝ ሞላኝ።"

"ሶዌቶ ሄደህ ታውቃለህ?"

"ስንቴ! አራት ዓመት አንሶላ በዱቤ ስሸጥ የማላንኳኳው በር አልነበረም።"

"ሙዚየሙንስ?"

"እሱን እንኳ አላየሁም ጋሼ። እዚያ በዱቤ የሚወስድ ሰው የለማ!"

ስቀን ሄድን። በኦርላንዶ ዌስት መንገዱ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም በለበሱ አዋቂዎች ተሞልቶ ነበር፤ በዚያ ቀን ብዙዎች እንዲህ ለብሰው ያስባሉ። በ1976 ተማሪዎች ትምህርት በአፍሪካንስ ቋንቋ እንዲሰጥ መታዘዙን ተቃውመው ሲወጡ ፖሊስ ተኮሰባቸው። ሄክተር ፒተርሰን ዕድሜው 12 ነበር። በ2002 የተከፈተው ሙዚየም ፊት ለፊት ሳም ንዚማ ያነሣው ፎቶግራፍ ተሰቅሏል፤ አንድ ወጣት የሞተውን ልጅ ታቅፎ ይሮጣል፣ የሟች እህት አጠገቡ እያለቀሰች ትሮጣለች።

የወዳጄ ልጅ ጣቱን ወደ ወጣቱ ቀስሮ "ይሄኛውስ ምን ሆነ?" አለኝ። ምቡዪሳ ማኩቡ ይባላል። ፖሊስ ስላሳደደው ድንበር ተሻግሮ ተሰደደ። በ1978 ከናይጄሪያ ለእናቱ ደብዳቤ ጻፈ፤ ከዚያ በኋላ የት እንደደረሰ በእርግጠኝነት አልታወቀም። "እናቱስ?" አለኝ። ልጃቸው መሞት መኖሩን ሳያውቁ ከዚህ ዓለም ተለዩ አልኩት።

ልጁ ዝም አለ። እርሱ ከሆሳዕና አካባቢ በሞያሌ፣ በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊና በሞዛምቢክ አድርጎ ነው የመጣው። በ2020 ማርች በሞዛምቢክ ቴቴ ውስጥ በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር 64 ወገኖቻችን ታፍነው ሞተው ተገኝተዋል። ስልክ የምትጠብቅ እናት በሐዲያና በከምባታ ስንት እንዳለች ከእኔ የተሻለ የሚያውቀው እርሱ ነው። ከሙዚየሙ ስንወጣ "ለካ እነሱም ይሰደዱ ነበር" አለኝ። ዘጠኝ ዓመት "የነሱ በዓል" ሲለው የኖረው ቀን በአንድ ፎቶግራፍ ፊት የእርሱም ሆነ።

ከዚያ ቪላካዚ ጎዳና ቅርብ ነው፤ ማንዴላና ዴዝሞንድ ቱቱ የኖሩበት መንገድ። ጁላይ 18 የማንዴላ ልደት ስለሆነ በየቦታው ሰዎች 67 ደቂቃ የበጎ ሥራ ይሠራሉ፤ ለትግሉ ሰጣቸው ለሚባሉት 67 ዓመታት ማሰቢያ ነው።

ኦገስት 9 የሴቶች ቀን ነው። በ1956 ሃያ ሺህ ገደማ ሴቶች የማለፊያ ወረቀት ለሴቶችም እንዳይታዘዝ ፕሪቶሪያ ወዳለው የመንግሥት መቀመጫ ሄዱ። አቤቱታቸውን አስገብተው ሠላሳ ደቂቃ ጸጥ ብለው ቆሙ። ሰልፉን ከመሩት አንዷ ራሂማ ሙሳ ትባላለች። በ2014 የጆሐንስበርግ ከተማ አንድ የመሀል ከተማ ጎዳና በስሟ ሰየመ። የትኛው ጎዳና ይመስላችኋል? ጄፒ! ወረቀት አንይዝም ባለች ሴት ስም በተጠራው ጎዳና ላይ በየጊዜው የሚታደስ የጥገኝነት ወረቀት በኪሳቸው የያዙ ወገኖቻችን ይነግዳሉ። እኛ ግን አሁንም "ጄፒ" ነው የምንለው፤ ስሟን የሚያውቅ ከመቶ አንድ ቢገኝ ነው።

በማናቸውም ወቅት

የአፓርታይድ ሙዚየም ወቅት አይመርጥም፤ ግማሽ ቀን ይወስዳል። ከከተማው ወጣ ብሎ በስተርክፎንቴን ዋሻዎችና በማሮፔንግ የሰው ዘር መገኛ ይጎበኛል፤ በ1947 የተገኘችው "ሚስ ፕሌስ" የእኛን ድንቅነሽ በ27 ዓመት ትቀድማለች፤ የተገኘችበትን ዓመት ማለቴ ነው። ከአውሮፕላን ማረፊያው ወደ ሳንድተን ባቡር አለ፤ ጄፒ ግን ከሰው ጋር ይኬዳል፤ ስልክ በእጅ ይዞ መዞር አይመከርም።

ይህን ሁሉ የዘረዘርሁት ለሽርሽር ብቻ አይደለም። በ2008 ሜይ ከአሌክሳንድራ ተነሥቶ በተስፋፋው ጥቃት ከስልሳ በላይ ሰዎች ሞተዋል። በ2015 ተደገመ። በ2019 ደግሞ በሴፕቴምበር መጀመሪያ፣ እንቁጣጣሽ ሊደርስ ሲል፣ የውጭ አገር ሰዎች ሱቆች ተዘረፉ፣ ተቃጠሉ። ለዚህ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሥራ አጥነቱ፣ የፖለቲከኞች አንደበት፣ የፖሊስ ቸልተኝነት። የተዘረፈውን ሰው "የነሱን በዓል ስለማታውቅ ነው" ማለት ነውር ነው፤ እንደዚያ አላልኩም። ነገር ግን "ስለ እኛ ምንም አያውቁም፤ ማንዴላን ያሠለጠንነው እኛ አይደለን?" ብለን ስናማርር እኛስ ስለ እነርሱ ምን እናውቃለን? ሃያ ዓመት አብሮ ኖሮ የጎዳናውን ስም አለማወቅ ምን ይባላል?

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ ስትመጡ ከጄፒ ክትፎ ቀጥታ ወደ ሳንድተን ገበያ አትሂዱ። ከበዓላቸው አንዱን ምረጡና በዚያ ቀን ኑ። ዘመዳችሁን ሱቁን አስዘግታችሁ ይዛችሁት ውጡ፤ የቀኑን ገቢ ብትከፍሉለትም አይበዛበትም። የእኔ ነጋዴ በቀጣዩ ኦገስት 9 ሱቁን ሲዘጋ ደንበኛው የሆነች አንዲት የሶዌቶ እናት "ዛሬ ምነው?" ብትለው "የራሂማ ሙሳ ቀን ነው" ብሏት ኖሯል። ሴትዮዋ ምን አሉህ ብዬ ጠየቅሁት።

"ዝም ብለው አዩኝና የቀረባቸውን የዱቤ ገንዘብ ከፈሉኝ ጋሼ" አለኝ።

ቸር ይግጠመን።